አራት መስመር ኮድ

ማርሊስ ሃውገን ሐሙስ ጠዋት ወደ ምድር ቤቱ የወረደችው ልትጣላ ነው። ጠቧ ከሰው ጋር ቢሆን ይቀላት ነበር። ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ የእንጨት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ግራጫ ማሽን ሲያጓራ አድሮ ያንኑ መልስ ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ጠበቃት፦ ወድቋል። ይኼ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

«እንተያያለን» አለችው፤ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች።

ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከቆየችባቸው አራት ዓመታት በስተቀር ከሬድ ወንዝ ሸለቆ፣ ከኦስትቢ ከተማ ርቃ ኖራ አታውቅም። ባሏ ኦርቪል ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር ቢኖር እሷና ይኼ ማሽን ናቸው፤ ማን ይብሳል ቢባል ጎረቤቶቿ ለመፍረድ ይቸገራሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በነፃ የምትጠብቀው ኮድ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ሥራውም አንድ ነው፤ ባይት መገልበጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር በአንድ ባይት፣ በትንሿ የቁጥር ማስቀመጫው፣ የማይያዝ ትልቅ ቁጥር ሲያጋጥመው ቆራርሶ ያስቀምጠዋል። አንዱ ፕሮሰሰር ትልቁን ቁራሽ ያስቀድማል፣ ሌላው ትንሹን። አንዱ መሥሪያ ቤት የሰውን ስም ከአባቱ ስም አስቀድሞ ሲጽፍ ሌላው የአባቱን ስም እንደሚያስቀድመው ማለት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ሲጻጻፉ ነው። የማርሊስ ኮድ መሃል ገብቶ ያስታርቃል። ዓለም ላይ ስንት ማሽን ውስጥ እንዳለ እሷም አታውቀውም። ሲሠራ ማንም አያስታውሳትም፤ ሲበላሽ ግን ስሟን የማያውቅ የለም።

ይህ ኮድ ያለበትን ትልቅ ፕሮግራም ከየአገሩ በነፃ የሚጠብቁት ሰዎች ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው። አዲስ እትም ሊወጣ ሲል የስም ጥሪ ይደረጋል። እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት ጠባቂ ሊኖረው ግድ ነው፤ ጠባቂ ማለት ማሽኑ በእጁ ያለ፣ ፈተናውን በገዛ ማሽኑ ላይ አሂዶ «አልፏል፣ እኔም አለሁ» የሚል ሰው ነው። ስሙ ተጠርቶ ዝም ያለ ወይም ፈተናው የወደቀበት እንደሆነ ፕሮሰሰሩ ከዝርዝሩ ይወጣል። ይግባኝ የለም። የዘንድሮው ጥሪ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። ግራጫው ማሽን ውስጥ ላለው አሮጌ ፕሮሰሰር የቀረው ጠባቂ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማርሊስ ናት።

ጥሪውን የሚመራው ጸሐፊ ረዣን ቲቦዶ ይባላል። ካናዳ ውስጥ፣ ካራኬት የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው የሚኖረው። ሁሉም ሰው «ማርሊስ» ሲላት እሱ ብቻ «ወይዘሮ ሃውገን» ይላታል። ሰኞ የደረሳት ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፦ «ወይዘሮ ሃውገን፣ የእርስዎ ፕሮሰሰር በአዲሱ ኮምፓይለር ፈተናውን ወድቋል። ዓርብ እስከ እኩለ ቀን ካላለፈ ከዝርዝሩ ይወጣል። ከአክብሮት ጋር።»

«ከአክብሮት ጋር!» ብላ ነበር ማርሊስ ለባዶው ወጥ ቤት። «በረዶ እንኳ ከዚህ ሰውዬ ይሞቃል።»

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አንድም ቀን አልተጠራጠረችም። ኮምፓይለሩ ነው! ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው እሱ ነው፤ የተለወጠውም እሱ ብቻ ነው። የእሷ ኮድ እንደሆነ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ስለዚህ ለኮምፓይለር ሠሪዎቹ ቁጣ የተሞላ ደብዳቤ ላከች፤ ትናንት ደግሞ ማስረጃ ይሆናት ዘንድ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ቁጥር ሰጥታው ያመጣውን መልስ በወረቀት አተመችው። ወረቀቱን ግን ልብ ብላ አላየችውም። የተሳሳተ መሆኑን ካወቀች ምን ያደርግላታል?

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ የላይኛው በር ተከፈተ።

«አለሽ? ወይስ ማሽኑ በላሽ?»

«ውረጂ! ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለውን ሳጥን እንዳትረግጪው።»

ቨርና ክሌቨን ነበረች። የሎን ኤልምን ወንዝ የሚቆጣጠረው ትንሽ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናት፤ ኃላፊም፣ ሾፌርም፣ ጥገና ሠራተኛም እሷው። ከማርሊስ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራሉ። በጨርቅ የተሸፈነ ትኩስ የመጋገሪያ ሳህን ታቅፋለች።

«ሆትዲሽ ይዤልሻለሁ፤ ሥጋና ድንች ጋግሬ። ትናንት ምሳ ምን በላሽ?»

«ብስኩት።»

«እራትስ?»

«የብስኩቱን ግማሽ።»

«ኦርቪል ይኼን ቢያይ ከመቃብሩ ተነስቶ ያበስልልሽ ነበር። እንቺ፣ ድንቹ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።» ቨርና የልብስ ቅርጫቱን ገልብጣ ተቀመጠችበት። «የመጣሁት ለመመገብ ብቻ አይደለም። በረዶው ከድልድዩ ሥር መሰንጠቅ ጀምሯል። የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን መስመር የሚያስተዳድሩት ሰዎች ዛሬ ጠዋት ደወሉልኝ።»

«ምን አሉ?»

«ፕሮሰሰሩ ከዝርዝር ከወጣ፣ እሱው ያለባቸውን አስራ አራቱን የወንዝ መለኪያዎቼን ዓርብ ከሰዓት ይቆርጧቸዋል። ጠባቂ የሌለውን ነገር መስመራችን ላይ አናስገባም ነው የሚሉት። ሕጉ ነው፤ አልፈርድባቸውም።»

«አዲሶቹ መለኪያዎችስ? ታዘዋል አላልሽም?»

«ታዘዋል። የሚመጡት መስከረም ላይ ነው። ወንዙን መስከረም ድረስ ታገሠኝ ልበለው?»

ማርሊስ ሹካውን አስቀመጠች። ቨርና የጓንቷን ጣት እየጎተተች ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ተናገረችው።

«መለኪያ ከሌለኝ ድልድይ ላይ ሰው አቆማለሁ። በጨለማ፣ በባትሪ፣ የውሃ ከፍታ በሚለካ ባለ ምልክት ዱላ። አባቴን የወሰደው እኮ ያ ዱላ ነው፣ ማርሊስ። ቁጥሩን ለማንበብ ጎንበስ ሲል ነው በረዶው የመታው። እኔ የማንንም ልጅ እዚያ አላቆምም። ላለማቆምም አልችልም።»

«አታቆሚም» አለች ማርሊስ። ድምፅዋ ከማሽኑ በላይ ወጣ። «ነገ እኩለ ቀን ላይ ይኼ ሳጥን ያልፋል። ካስፈለገ በጥርሴ እጎትተዋለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

ማርሊስ ሰዓቱን በጣቷ ቆጠረች። ፈተናው ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ማሽኑ አርጅቷል፣ መቸኮል ትቷል። ከዛሬ እስከ ነገ ቀትር ቢበዛ አምስት ጊዜ ብታሂደው ነው። በዚህ መሃል ኢሜይሏ ጮኸ። የኮምፓይለር ሠሪዎቹ መልስ ነበር፤ አንድ መስመር ተኩል። ስህተቱ የእኛ አይደለም፣ የቋንቋውን ሕግ ያንብቡ፣ ይላል።

«ሕግ ያንብቡ! እኔን!» ወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። «እነዚህ ልጆች ዳይፐር ላይ እያሉ እኔ ሕጉን...»

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ቨርና። ከጠረጴዛው ላይ የታተመውን ወረቀት አንስታ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳለች።

«ተይው፣ የኮምፓይለሩ ቅሌት ነው። በግራ በኩል የላክሁት፣ በቀኝ የመጣው።»

«አንድ ላክሽ፣ ዜሮ መጣ። ሁለት ላክሽ፣ አንድ መጣ። ሦስት ላክሽ፣ ሁለት...» ቨርና በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ወረደች። «ማርሊስ፣ ይኼኮ አልተሳሳተም። ዘግይቷል።»

«ምን አልሽ?»

«ሰባተኛው መለኪያዬ ጭቃ ሲገባበት እንዲሁ ነው የሚያደርገው። የዛሬውን ስጠይቀው የትናንቱን ይነግረኛል። ይኼም አንድ አንድ ወደ ኋላ ቀርቷል እንጂ ቁጥሩስ ትክክል ነው።»

ማርሊስ ወረቀቱን ነጠቀቻት። ከላይ እስከ ታች አየችው፣ እንደገና አየችው። ከትናንት ጀምሮ እጇ ላይ ነበር! ለመክሰሻ ስትፈልገው ለማንበብ አልፈለገችውም። ወንዝ ስታነብ ያደገች ሴት በአንድ ደቂቃ ያየችውን፣ ኮድ ስታነብ ያረጀችው ሴት አላየችውም።

«ቀድሞ እያነበበ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሳይጽፍ እያነበበ ነው።»

«ያ መጥፎ ነው?»

«አላውቅም ገና። ሂጂ። አይ፣ ቆዪ። ሆትዲሹን ትተሽ ሂጂ።»

ቨርና እየሳቀች ወጣች። ማርሊስ ያንን የናቀችውን የቋንቋ ሕግ ከመደርደሪያ አውርዳ አቧራውን በሹራቧ ጠረገችለት። ፍለጋው ረጅም አልነበረም። ኮዷ ቁጥሩን ሲገለብጥ አንዲት ጊዜያዊ ማስቀመጫ ቦታ ይጠቀማል። ሁለት ግማሾች ይጽፍባትና ከዚያ እንደ አንድ ሙሉ ቁጥር መልሶ ያነባታል። ሲጽፍ በግማሽ ዓይነት ይጠራታል፣ ሲያነብ በሙሉ ዓይነት። ሕጉ ደግሞ በማያሻማ ቋንቋ ይናገራል፤ በሁለት ዓይነት የተጠራ ቦታ እንደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሊቆጠር ይችላል። ሁለት ከሆኑ የቱ ይቅደም የቱ ይከተል ኮምፓይለሩ እንደፈለገ ነው። አዲሱ ኮምፓይለር ማንበቡን አስቀደመው፤ እናም ቦታዋ ላይ ከበፊቱ የቀረውን አሮጌ ቁጥር አገኘ። የድሮዎቹ ኮምፓይለሮች ቸሮች ነበሩና አለፏት። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ደግሞ መገልበጫ በተፈጥሯቸው ስላላቸው ይህን የእሷን መንገድ አይረግጡትም። ጥፋቱ ይታይ የነበረው እዚህ ምድር ቤት ብቻ ነው።

ጥፋቱ የራሷ ነበር። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ እንዴት ያለች ብልህ ነኝ እያለች የጻፈችው ነው። የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ አይደል? ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ለኮምፓይለር ሠሪዎቹ የጻፈችው ትዝ ሲላት ምድር ቤቱ ራሱ ጠበባት።

ነገር ግን ማርሊስ ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አደረገች። ብልሃቱን ሁሉ ደመሰሰችና በቦታው ማንም ጀማሪ የሚጽፈውን ጻፈች፦ የመጀመሪያውን ባይት አንሳ፣ በቦታው አስቀምጥ፤ ሁለተኛውን አንሳ፣ አስቀምጥ፤ ሦስተኛውን፤ አራተኛውን። አራት መስመር። ሁለት ስም የለ፣ ግማሽና ሙሉ የለ። ኮምፓይለሩ ምን እንዳደረገው ከፍታ አየች። አራቱን መስመሮች ተመልክቶ ምን ለማለት እንደተፈለገ ገብቶታል፤ አንድ ትእዛዝ አድርጎ ጠቅልሏቸዋል። ከእሷ ብልሃት ይልቅ ፈጣን ሆነ።

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። እነዚህን አራት መስመሮች አይታቸዋለች። የት ነው ያየቻቸው?

የጋራውን ኢሜይል ማህደር ከፈተች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ማህደሩም አለቀቀም። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት የተጻፈ ደብዳቤ ነው፣ የኅዳር ወር። አራቱ መስመሮች ቁልጭ ብለው ተቀምጠዋል፣ ከሥራቸውም እንዲህ ይላል፦ «ባይቶቹን አንድ በአንድ አንስቶ መደርደር። ዛሬ ለውጡ አይታይም። ሕጉን አጥብቆ የሚከተል ኮምፓይለር የመጣ ቀን ግን የአሁኑ ኮድ ይሰበራል። ረ. ቲቦዶ፣ ካራኬት።»

ከዚያ በታች የእሷ መልስ፦ «የትምህርት ቤት ኮድ ነው። አንድ እርምጃ በሚበቃበት አራት አይረገጥም። ማሽኑን የማያውቅ ሰው ኮዱን አይንካ። ማ. ሃ.»

ረ. ቲቦዶ። ማርሊስ በነዚያ ዓመታት ስንት ሰው እንደመለሰች አታስታውስም፤ ጎበዝ ጠባቂ በር የሚዘጋ ነው ብላ ታምን ነበር። እሱ ግን እንደሚያስታውስ አሁን ገባት። ወይዘሮ ሃውገን። ከአክብሮት ጋር።

«እኔም ራሴ ጻፍኩት እኮ» አለች ለማሽኑ። እውነት ነው፣ ሳታይ ነው የጻፈችው። «ለጊዜው ይቆይ። መጀመሪያ ይለፍ።» ለውጡን በመዝገቡ አስገባችና ከሥሩ «መገልበጫው እንደገና ተጻፈ። ማ. ሃ.» ብላ ፈረመች። በዚህ ሙያ ደሞዝ የለም፣ ሹመት የለም፤ ያለው ስም ብቻ ነው። አንድ ነጠላ ሰረዝ ያስተካከለ ሰው ስሙ ከነጠላ ሰረዟ ጋር ይኖራል። ማርሊስ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ስለዚህም ፊርማዋን ካኖረች በኋላ ስክሪኑን ማየት አልወደደችም።

ፈተናውን አስነሳችና እጇን የምታሳርፍበት አጣች። ሴትዮዋ ስትጨነቅ ልብስ ታጥባለች። አጠበች፣ ማድረቂያውንም አስነሳች፤ ፈተናው ሊያልቅ አርባ ደቂቃ ሲቀረው ማድረቂያውና ማሽኑ የሚጋሩት ፊውዝ ተቃጠለ። ምድር ቤቱ ጨለመ፣ ግራጫው ማሽን ዝም አለ። ማርሊስ በጨለማው መሃል እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ቆማ እዚህ የማይጻፍ ነገር ተናገረች። አዲስ ፊውዝ ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞረች፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተዘግተው ነበር። ስትመለስ የማሽኑ ዲስክ መብራቱ ድንገት በመጥፋቱ ተቀይሞ ራሱን ልፈትሽ ብሎ ቁጭ አለ፤ እስከ ማለዳም አልተነሳም። ዓርብ ጠዋት ከአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ፈተናውን እንደገና ስታስነሳ የቀራት ዕድል አንድ ብቻ ነበር። የማድረቂያውን ገመድ ነቅላ ላይኛው ፎቅ ድረስ ይዛው ወጣች።

ጥሪው በስክሪን ተጀመረ። ሃያ አምስት ፊት፣ ከየአገሩ ጥግ። ረዣን ቲቦዶ ዝርዝሩን ያነባል፤ ሃምሳ ሊሞላ የደረሰ፣ ጸጉሩ ከግንባሩ የሸሸ፣ የዓሣ አጥማጅ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። የፕሮሰሰሩን ስም ይጠራል፣ ጠባቂው «አልፏል፣ አለሁ» ይላል፣ ረዣን ይጽፋል። የማርሊስ ፕሮሰሰር ከሁሉም መጨረሻ ነበር። ከላፕቶፗ ጎን ግራጫው ማሽን ያጓራል፤ ከዘጠኝ ሺህ ጥያቄ ስምንት ሺህ ሰባት መቶውን መልሷል።

«ወይዘሮ ሃውገን?»

«አለሁ። ፈተናው እየሄደ ነው።»

«ለእኩለ ቀን አስራ አራት ደቂቃ አለን» አለ ረዣን። ድምፁ ላይ ክፋትም ደግነትም አልነበረም። «እንጠብቃለን።»

«እኔ በዚህ ማሽን ሃምሳ ዶላር አስይዣለሁ!» አለ ከቫንኩቨር የገባው ጢማሙ ሰውዬ። «ማርሊስ፣ እፍ በይበት፣ ይሞቀዋል።»

«አንተ ላይ እፍ ብልብህ ነው የሚሻለው» አለችው፤ ሳቁ።

ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ። ስልኳ ላይ የቨርና መልእክት መጣ፤ በረዶው ተነቅሏል፣ ውሃው ከጠዋቱ በሁለት ጫማ ጨምሯል ይላል። ማርሊስ ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘችው። ስምንት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ማሽኑ የመጨረሻውን ጥያቄ መለሰና ስክሪኑ ላይ አንዲት ቃል ጻፈ፦ አልፏል።

«አልፏል!» ጮኸች። ላፕቶፗን አዙራ አሳየቻቸው። «አልፏል፣ እኔም አለሁ!»

ጭብጨባው ምድር ቤቱን ሞላው። ጢማሙ ሰውዬ ሁለት እጁን አነሳ፤ አንዲት ሴት «ማርሊስ ካለች ማሽን አይሞትም» አለች፤ ሌላው «እንዴት አገኘሽው? አንቺ እኮ ጠንቋይ ነሽ» አላት። ማርሊስ ሁለት ሌሊት በወጉ ያልተኛች ሴት ናት፤ ጭብጨባው እንደ ሞቀ ሾርባ ገባላት።

ረዣን ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ በመጨረሻ ሰዓት ለገባ ለውጥ ሁሉ እንደሚጠይቀው ጠየቀ።

«ማስተካከያው በማን ስም ይመዝገብ?»

ፊቱን አየችው። ምንም አልጠቆመም፤ እስክሪብቶውን ይዞ ብቻ ይጠብቃል። አራቱን መስመሮች ግን ዛሬ ጠዋት ከፍቶ አይቷቸዋል፤ ጸሐፊ ነውና ማየት ሥራው ነው። «በእኔ» ብትል ይጽፈዋል። ማንም ወደ አስራ አንድ ዓመት ማህደር አይመለስም። እኔም ራሴ ጻፍኩት የምትለው ሰበብም አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ባንተ» አለች።

ሁሉም ወደየስክሪናቸው ተጠጉ። «በማን አለች?» አለ ጢማሙ።

«በረዣን ቲቦዶ። መዝገቡ ላይ የፈረምኩት ፊርማ ውሸት ነው። ስሙ።» ማህደሩን ከፈተችና የእሱን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። ከዚያ የራሷን መልስ አነበበች፤ አንዲት ቃል አልዘለለችም። «ማሽኑን የማያውቅ ሰው ኮዱን አይንካ» የሚለውንም አነበበች፤ እስከ «ማ. ሃ.» ጨረሰችው። «ጥፋቱ የኮምፓይለሩ አይደለም። የእኔ ነበር። ማስተካከያውም የዛሬ አስራ አንድ ዓመት መጥቶልኝ ነበር። መለስኩት።»

ረዣን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ማሽኑን የማያውቅ ሰው» አለ። «ያቺን በቃሌ ነው የማውቃት። እኔ እኮ ያን ማሽን ገዝቼ ነበር፣ ማርሊስ። ለአራቱ መስመሮች ብዬ። አንድ የመርከብ መጠገኛ ሲዘጋ አገኘሁትና ከሞንክተን ከተማ እስከ ቤቴ በአውቶቡስ፣ እግሬ መሃል አድርጌ አመጣሁት። ሁለት ወር ሙሉ ሞከርኩት። መልስሽ በመጣ በሳምንቱ ለብረት ለቃሚ ሰጠሁት።»

ማርሊስ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ባለፈው ዓመት ደግሞ ለሁላችንም ጻፍሽ» አለ። «ጠባቂ ሁሉ የት ገባ፣ የዛሬ ሰው ሰነፍ ነው፣ ብቻዬን ቀረሁ አልሽ። እኔ አንዱ እዚህ ነበርኩ።»

ግራጫው ማሽን ያጓራል። ማርሊስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼን ፕሮሰሰር ከሰነፍና ከግዴለሽ ስትጠብቀው እንደኖረች ታምን ነበር፤ ጠባቂውን ከበር የመለሰችው ግን እሷው ራሷ ናት። ይኼን ማወቅ አመማት፤ ማመሙንም ሃያ አምስቱ ሰዎች ፊቷ ላይ አዩት።

«አጥፍቻለሁ» አለች። «አንተንም በድያለሁ፣ ማሽኑንም። ይቅር በለኝ።»

ረዣን ሰዓቱን አየ፤ ሁለት ደቂቃ ይቀራል።

«ስሜን የምትጽፊ ከሆነ በቀኑ ጻፊው» አለ።

«በየትኛው ቀን?»

«በላክሁበት።»

የጠየቀው ምን እንደሆነ እዚያ ላለ ሁሉ ገብቶታል። መዝገቡ የጻፈውን ሰው ስምና የጻፈበትን ቀን ለዘለዓለም ይይዛል። ከእንግዲህ የዚያን ኮድ ታሪክ የሚከፍት ሁሉ፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚወለድም ቢሆን፣ መድኃኒቱ ከበሽታው በፊት መጥቶ አስራ አንድ ዓመት ደጅ ሲጠና እንደኖረ ያነባል። ደጁ የማን እንደነበርም ያነባል። ማርሊስ ፊርማዋን ሰረዘች። ረዣን ቲቦዶ፣ ካራኬት፣ ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ ያንን የኅዳር ቀን አስገባች፤ ከሥሩም «ያኔ የተመለሰው በስህተት ነው፤ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ማርሊስ ሃውገን» የሚል በሙሉ ስሟ ጨመረች። ላከችው።

«ደርሶኛል» አለ ረዣን፤ እስክሪብቶውን አንስቶ ጻፈ። «ፕሮሰሰሩ በዝርዝሩ ላይ ይቆያል። ጥሪው አብቅቷል።»

ስክሪኑ አንድ በአንድ ሲጠፋ ማርሊስ ስልኳን አነሳች። ቨርና በመጀመሪያው ጥሪ ብድግ አደረገችው፤ ከኋላዋ የወንዙ ጩኸት ይሰማል።

«አለፈ» አለች ማርሊስ። «አዲሱን ኮድ ጫኚው። አስራ አራቱም ላይ።»

«ኦ፣ አምላክ ይስጥሽ! ቆዪ... አዎ፣ እያወረድኩት ነው። በአንድ ሌሊት ሠርተሽ አወጣሽው ማለት ነው?»

«እኔ አልሠራሁትም። ካናዳ ያለ ሰው ነው የሠራው፤ ከሠራው አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል።»

«አስራ አንድ ዓመት? ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«እኔ ጋ» አለች ማርሊስ።